የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን ታሪክና ገድል እንዴት ለይተን እናንብብ?

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ማንበብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር የጽሑፍ እጥረት ሳይሆን የጽሑፍ ብዛት ነው። ለወፎች እንደ ሰበከ፣ የጉቢዮን ተኩላ ከከተማው ሰዎች ጋር እንዳስታረቀ፣ የተሰቀለው ክርስቶስ ከሥዕሉ ላይ እንዳነጋገረው፣ በግብፅ ሱልጣን ፊት ቆሞ እንዳስተማረ አንድ ላይ ይነገረዋል፤ ከእነዚህ መካከል የትኛውን በዘመኑ የነበረ ሰው እንደ መሰከረ፣ የትኛው ደግሞ ቅዱሱ ካረፈ ከመቶ ዓመት በኋላ በጽሑፍ እንደ ታየ የሚያስረዳው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ገድሉን በእምነትም በማስተዋልም ማንበብ ለሚፈልግ፣ በተለይም በበዓሉ ቀን ንግግር ለሚያቀርብ ወይም ወጣቶችን ለሚያስተምር ሰው ነው። ዓመታቱም ወራቱና ቀናቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጡ ምንጮቹን ለማመሳከር ስለሚያስቸግር እንዳሉ ቢተዉ ይሻላል።

ዘዴው የቆመው በአንድ ልማድ ላይ ነው። አንድ ታሪክ ሲያነቡ «ይህ በእርግጥ ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ከማለትዎ በፊት «ይህን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? መቼ ጻፈው? እንዲጽፍስ ያዘዘው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ይህ አካሄድ ቅዱሱን ያሳንሰዋል ብለው የሚሰጉ አማኞች አሉ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው፤ የኋለኞቹን ጸሐፊዎች ድምፅ ከእርሱ ድምፅ ለይቶ መስማት የቻለ ሰው ፍራንቸስኮስን ይበልጥ ያከብረዋል፤ ይበልጥም ይወደዋል።

ከራሱ ቃል ይጀምሩ

ከመካከለኛው ዘመን ቅዱሳን ብዙዎቹ በገዛ ቃላቸው የተጻፈ ነገር አልተዉልንም። ፍራንቸስኮስ ግን ትቶልናል። እርሱ ለመሠረተው የወንድሞች ማኅበር በ1221 የተዘጋጀውና በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማኅተም ያልጸደቀው ሕገ ማኅበር፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኦኖርዮስ 3ኛ ኅዳር 29 ቀን 1223 ያጸደቁት አጭሩ ሕግ፣ ልዩ ልዩ መልእክቶች፣ ጸሎቶች፣ በ1225 በኡምብሪያ ሕዝብ ቋንቋ የደረሰው «የፍጥረታት መዝሙር»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1226 ሊያርፍ ሲቃረብ ያስጻፈው ኑዛዜ ዛሬም አሉ። ኑዛዜው በጥቂት ገጾች ያልቃል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ገድል ከመክፈትዎ በፊት እርሱን ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ሲያነቡ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሌለ ልብ ይበሉ። ፍራንቸስኮስ የሕይወቱን መለወጥ ሲተርክ ስለ ሕልም፣ ስለ ራእይ ወይም ስለሚናገር ሥዕል አንድም ቃል አያነሣም። የሚያነሣው ለምጻሞችን ነው። «በኃጢአት ሳለሁ ለምጻሞችን ማየት እጅግ መራራ ይሆንብኝ ነበር፤ ጌታም ራሱ ወደ እነርሱ መካከል መራኝ፤ እኔም ምሕረት አደረግሁላቸው። ከእነርሱም በተለየሁ ጊዜ መራራ መስሎኝ የነበረው ነገር ለነፍስና ለሥጋ ወደ ጣፋጭነት ተለወጠልኝ» ይላል። ቀጥሎም ጥቂት ቆይቶ ከዓለም እንደ ወጣ ይናገራል። የታሪኩ ምሰሶ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ አንጻር ይመዘን።

ከዚህ ጎን የሕይወቱን ዋና ዋና ነጥቦች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በ1181 ወይም በ1182 አሲዚ ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ ፒየትሮ ዲ በርናርዶኔ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1202 አሲዚ ከፔሩጃ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተማርኮ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በ1206 ገደማ በጳጳሱ በጊዶ ፊት ልብሱን አውልቆ ለአባቱ መለሰ። በ1209 ወይም በ1210 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ የአኗኗሩን ሥርዓት በቃል ፈቀዱለት፤ በ1212 ቅድስት ክላራ ተከተለችው፤ በ1219 ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ ጥቅምት 3 ቀን 1226 ምሽት ላይ በአሲዚ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በፖርሲዩንኮላ አረፈ። በዓሉ ጥቅምት 4 የሆነው በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀኑ ከዋዜማው ምሽት ስለሚጀምር ነው፤ ይህ በዓልን ከዋዜማ ለሚጀምር ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ገድሎቹን በተጻፉበት ጊዜ ይደርድሩ

የመጀመሪያውን ገድል የጻፈው ቶማስ ዘቼላኖ ነው። በ1215 ገደማ ወደ ማኅበሩ የገባ የተማረ ወንድም ሲሆን፣ እንዲጽፍ ያዘዙት ፍራንቸስኮስን ሐምሌ 16 ቀን 1228 በቅዱሳን መዝገብ ያስገቡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ናቸው። ይህ ገድል በ1228 እና በ1229 መካከል ተጻፈ። ያዘዙት እኒህ አባት ቀድሞ ካርዲናል ኡጎሊኖ ተብለው የማኅበሩ ጠባቂ እንደ ነበሩ ያስታውሱ፤ በገድሉ ውስጥ ብዙ ስፍራና ብዙ ምስጋና ማግኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በፍጥነት አደገ፤ ስለ ድህነት አጠባበቅም ክርክር ተነሣ። በ1244 በጄኖቫ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ቅዱሱን በቅርብ የሚያውቁ ሁሉ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው እንዲልኩ ጠየቀ። ከመላሾቹ መካከል ወንድም ሊዮ፣ ወንድም ሩፊኖና ወንድም አንጄሎ ነበሩ። ነሐሴ 11 ቀን 1246 ከግሬቾ በተጻፈው ደብዳቤያቸው፣ ተአምራት ቅድስናን የሚያሳዩ እንጂ ቅድስናን የሚፈጥሩ ስላልሆኑ ተአምራትን ብቻ መተረክ እንዳልፈለጉ ይገልጻሉ፤ ተከታታይ ገድል ለመጻፍ ሳይሆን ከአማረ መስክ አበባ እንደ መልቀም የመሰላቸውን መርጠው እንደ ላኩም ይናገራሉ። ይህን ደብዳቤ ከገድሎቹ አስቀድመው እንዲያነቡት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቅዱሱ የቅርብ ወዳጆች ራሳቸው ገድል እንዴት መነበብ እንዳለበት አስቀድመው ነግረውናል። ቶማስም ከተላከው ማስታወሻ በመነሣት በ1246 እና በ1247 ሁለተኛውን ገድል ጻፈ።

በ1260 ደግሞ የማኅበሩ አለቃ ቅዱስ ቦናቬንቱራ አንድ ወጥ ገድል እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። ወደ አሲዚ ሄዶ በሕይወት የነበሩትን ወዳጆች አነጋገረ፤ ሥራውንም በ1263 ለፒሳ ጉባኤ አቀረበ። በ1266 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ ከዚያ በፊት የተጻፉት ገድሎች በሙሉ እንዲጠፉ ወሰነ። ውሳኔው የሚያሳዝን ቢሆንም ከክፋት የመነጨ አልነበረም፤ በክርክር የሚናጠውን ማኅበር በአንድ መጽሐፍ ለማስማማት የታሰበ ነበር። ቀደምቶቹ ገድሎች የተረፉት የፍራንቸስኮሳውያን አለቆች ሥልጣን በማይደርስባቸው እንደ ሲታውያን ባሉ ገዳማት ቅጂዎች በመኖራቸው ነው። ፍለጋውም እስከ እኛ ዘመን አላበቃም፤ ቶማስ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ገድሉ መካከል የጻፈው አንድ አጭር ገድል የተገኘው በ2014 ሲሆን፣ ያገኘው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ዳላሩን፣ የእጅ ጽሑፉን የገዛውም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው «ፊዮሬቲ» የሚባለው ስብስብ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። መነሻው በ14ኛው መቶ ዓመት በላቲን የተጻፈ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ወደ ቶስካና ቋንቋ የተመለሰው ነው። እጅግ የሚያምር መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ንባብዎን ከእርሱ አይጀምሩ።

አንድ ታሪክ ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይከተሉት

ዘዴውን በተግባር ለማየት የለምጻሙን ታሪክ ይውሰዱ። በኑዛዜው ለምጻሞቹ ብዙዎች ናቸው፤ ስም የላቸውም፤ ቦታም ጊዜም አልተጠቀሰም፤ የሚታይም አስደናቂ ነገር የለም፤ ያለው ምሕረት ማድረግና የልብ መለወጥ ብቻ ነው። በመጀመሪያው የቶማስ ገድል ውስጥ አንድ ለምጻም ብቅ ይላል፤ ፍራንቸስኮስ ገና የዓለም ልብስ እንደ ለበሰ በመንገድ አግኝቶት ራሱን አሸንፎ ይስመዋል። ከሦስቱ ወዳጆች፣ ከሊዮ፣ ከሩፊኖና ከአንጄሎ፣ ጋር በተያያዘው ገድል ደግሞ በፈረስ ተቀምጦ ሲሄድ ያገኘዋል፤ ይወርዳል፤ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ እጁን ይስማል፤ ለምጻሙም የሰላም ሰላምታ ይመልስለታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙ ገንዘብ ይዞ ወደ ለምጻሞች መኖሪያ ሄዶ ለእያንዳንዱ እጁን እየሳመ ይመጸውታል። በሁለተኛው የቶማስ ገድል ታሪኩ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ፍራንቸስኮስ ገንዘቡን ሰጥቶ ከሳመው በኋላ ፈረሱ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ዙሪያውን ቢመለከት፣ ሜዳው ምንም የሚከልል ነገር ሳይኖረው ግልጥ ሆኖ ሳለ፣ ለምጻሙን ከቶ አያየውም። ቦናቬንቱራም ይህን የመሰወር ታሪክ ይዞ ይቀጥላል።

እነዚህን አምስት ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንባቢው ለምጻሙ ራሱ ክርስቶስ መሆኑን እንዲረዳ ታሪኩ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ ተሠራ በዓይንዎ ያዩታል። ቶማስ ይህን ያደረገው ሊያታልል ፈልጎ አይደለም። «ከእነዚህ ከሁሉ ከሚያንሱት ለአንዱ ያደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል በታሪክ መልክ ማስቀመጡ ነበር። ሆኖም እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የኑዛዜው ቃል ነው፤ በዚያ ለምጻሞቹ አይሰወሩም፤ ቁስላቸውን እንደ ያዙ በዚያው ይቀራሉ፤ ፍራንቸስኮስም በመካከላቸው ይኖራል። በንግግርዎ የተሰወረውን ለምጻም ብቻ ከተረኩ ይህ ከባድ እውነት አብሮ ይሰወራል።

ዝምታም ምስክር ነው

በሳን ዳሚያኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የስቅለት ሥዕል ፍራንቸስኮስን «ሂድና እንደምታየው እየፈረሰ ያለውን ቤቴን አድስ» እንዳለው የማያውቅ የለም። ሥዕሉ በ12ኛው መቶ ዓመት በእንጨት ላይ የተሣለ ሲሆን ዛሬ በአሲዚ በቅድስት ክላራ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ነገር ግን የ1228ቱን ገድል ይክፈቱና ይህን ቃል ይፈልጉ፤ አያገኙትም። በዚያ የተጻፈው ሌላ ነው። ፍራንቸስኮስ በፎሊኞ ጨርቁንና ፈረሱን ሽጦ ሲመለስ ፈራርሳ ወደምትታየው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ለድሃው ካህን ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ካህኑ ዘመዶቹን ፈርቶ አልቀበልም ይለዋል፤ እርሱም ገንዘቡን እንደ ትቢያ በመስኮት ላይ ይወረውረዋል። የሚናገረው ሥዕል የሚመጣው ከ1246 ገደማ ጀምሮ ነው።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሲያጋጥምዎ ፈጥነው አይፍረዱ። ቶማስ መጀመሪያ ሲጽፍ ያልሰማው፣ ፍራንቸስኮስ ለጥቂት ወዳጆቹ ብቻ የነገረው ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ እነዚያ ወዳጆች በ1246 በሕይወት ነበሩና። በሌላ በኩል በልቡ የሰማውን ጥሪ የኋላ ሰዎች በሚሰማ ድምፅ ተርጉመውት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሐሳብ ይዘው፣ ማንም የማይከራከርበትን ነገር አጥብቀው ይንገሩ፤ ይህም የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ድንጋይ እየለመነና በትከሻው እየተሸከመ ያቺን ቤተ ክርስቲያን በእጁ ማደሱ ነው።

ከማኅበሩ ውጪ ያለ ምስክር ይፈልጉ

ከፍራንቸስኮስ ታሪኮች መካከል በውጭ ሰው ምስክርነት የተደገፈው ወደ ግብፁ ሱልጣን አል ካሚል መሄዱ ነው። የአኮ ጳጳስ የነበረው ዣክ ዴ ቪትሪ በአምስተኛው የመስቀል ጦርነት ወቅት በግብፅ ወደብ በዳሚየታ ነበረ፤ በ1220 በጻፈው ደብዳቤም ፍራንቸስኮስ ያለ ፍርሃት ወደ ጠላት ሠራዊት እንደ ተሻገረ፣ ጥቂት ቀናት እንደ ሰበከ፣ ብዙ ፍሬ ግን እንዳላገኘ፣ ሱልጣኑም እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኘውን ሃይማኖት እንዲያሳየው እንዲጸልይለት በምሥጢር እንደ ለመነው ይናገራል። ጳጳሱ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ፣ «ብዙ ፍሬ አላገኘም» ማለቱም ለቅዱሱ ክብር ሲል ያልተጻፈ ስለሆነ ቃሉ ትልቅ ክብደት አለው። የእሳቱ ፈተና፣ ማለት ፍራንቸስኮስ ከሱልጣኑ ሊቃውንት ጋር ወደ እሳት ልግባ ማለቱ፣ በቦናቬንቱራ ዘንድ ይገኛል፤ ሱልጣኑ በመጨረሻ ተጠመቀ የሚለው ደግሞ በፊዮሬቲ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶች በተገኙበት ጉባኤ ስለዚህ ጉዞ የሚናገሩ ከሆነ በጳጳሱ ደብዳቤ ላይ ይቁሙ፤ በጦርነት መካከል ሁለት ሰዎች ተከባብረው መነጋገራቸው ምንም ጭማሪ አያስፈልገውም።

የእንስሳቱ ታሪኮችም እኩል ሚዛን የላቸውም። በቤቫኛ አጠገብ ለወፎች መስበኩ ገና በመጀመሪያው ገድል ውስጥ አለ። የጉቢዮ ተኩላ ግን በዚያ መልኩ የሚገኘው በፊዮሬቲና በላቲን መነሻው ብቻ ነው። ከእርሱ የሚቀድም ሌላ አጭር ትረካ በጉቢዮ አካባቢ ከነበረው የቅዱስ ቬሬኮንዶ ገዳም ወጥቷል፤ በዚያ የታመመው ፍራንቸስኮስ በአህያ ሲያልፍ ገበሬዎች ተኩላ እንዳይበላበት ያስጠነቅቁታል፤ እርሱም ወንድም ተኩላ ወንድም አህያን ይበላ ዘንድ ምን በደልሁት ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለቱን አንድ ላይ ቢያነቧቸው ይጠቅምዎታል።

ስለ ቅዱሳት ቁስሎቹ ሲናገሩ ይጠንቀቁ

በ1224 በላ ቬርና ተራራ የክርስቶስ ቁስሎች በሥጋው ላይ መታየታቸው ከሁሉም በላይ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው፤ ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1237 ለመከላከያ ደብዳቤዎች መጻፍ ማስፈለጋቸውም በዚያው ዘመን የሚጠራጠሩ እንደ ነበሩ ያሳያል። እዚህ ላይ ከገድሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ትንሽ ብራና አለ። ፍራንቸስኮስ በገዛ እጁ በአንዱ ገጽ የእግዚአብሔርን ምስጋና፣ በሌላው ገጽ ለወንድም ሊዮ ቡራኬ ጻፈበት፤ በታው ፊደል ቅርጽም ምልክት አኖረበት። ሊዮ ብራናውን አጥፎ እስኪሞት ድረስ ይዞት ኖረ፤ የእጥፋቱ መሥመሮች ዛሬም ይታያሉ። በራሱም እጅ በቀይ ቀለም፣ ፍራንቸስኮስ ከማረፉ ሁለት ዓመት በፊት በላ ቬርና እንደ ጾመ፣ ከሱራፌል ራእይና ከቁስሎቹ መታተም በኋላ ይህን ምስጋና እንደ ጻፈ መሰከረበት። ብራናው በአሲዚ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ስለ ምክንያቱ ሐኪሙም አማኙም የየራሱን ቢናገር፣ ንግግርዎ መጀመር ያለበት ከዚህ ብራና ነው እንጂ ከኋለኞቹ ሥዕሎች አይደለም። በአሲዚ በላይኛው ቤተ ክርስቲያን ያሉት 28 ታዋቂ ሥዕሎችም የቦናቬንቱራን ገድል የሚከተሉ ስለሆኑ ራሱን የቻለ ምስክር ተደርገው መቆጠር የለባቸውም።

ለመድረክ ሲያዘጋጁት

በሚናገሩበት ጊዜ የታሪኩን ምንጭ በአጭሩ ይጥቀሱ። «በኑዛዜው ራሱ እንዳለው»፣ «ቶማስ ዘቼላኖ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ጻፈው»፣ «ከመቶ ዓመት በኋላ በተጻፈው ፊዮሬቲ እንደሚተረከው» የሚሉ አጫጭር ሐረጎች ንግግሩን አያከብዱትም፤ ሰሚውም የቱን እንደ ምን መቀበል እንዳለበት ያውቃል። የግሬቾን የ1223 የልደት በዓል ሲያነሡም ቶማስ የጻፈው ግርግም፣ ድርቆሽ፣ በሬና አህያ መሆኑን፣ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፈቃድ ተጠየቀ የሚለው ከቦናቬንቱራ የመጣ መሆኑን ለይተው ይናገሩ።

በየጉባኤው መዝጊያ ላይ «ጌታ ሆይ፣ የሰላምህ መሣሪያ አድርገኝ» የሚለውን ጸሎት «የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ጸሎት» ብሎ ማቅረብ ተለምዷል። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ይጸለይ። መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው ግን በ1912 በፓሪስ ይታተም በነበረው «ላ ክሎሼት» በተባለ መጽሔት ያለ ደራሲ ስም ሲሆን፣ ከቅዱሱ ጋር የተያያዘው ከዓመታት በኋላ በሥዕሉ ጀርባ ታትሞ ስለ ተሠራጨ ነው። የእርሱ የሆነ ጸሎት ከፈለጉ «የፍጥረታት መዝሙር»ን ይምረጡ። ዓይኑ ታሞ ብርሃን ማየት ባቃተው ወቅት ስለ ወንድም ፀሐይ ያመሰገነበት ነው፤ ስለ ይቅርታ የሚናገረው አንቀጽ የአሲዚ ጳጳስና የከተማው ገዥ ተጣልተው በነበሩ ጊዜ፣ ስለ እኅት ሞት የሚናገረው ደግሞ ሊያርፍ ሲቃረብ እንደ ተጨመሩ ወዳጆቹ ይተርካሉ። ለጉባኤ ሲነበብ አንድ ሰው እያንዳንዱን አንቀጽ ቢያሰማ፣ ሕዝቡም «ጌታዬ ሆይ፣ ምስጋና ይግባህ» እያለ ቢመልስ በደንብ ይሄዳል።